ከማኅተም ማሽኑ አጠገብ የኖሩት እናታችን

እናታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1968 አጠናቀው በቀጣዩ ዓመት ፖስታ ቤት ተቀጠሩ፤ ቴምብር ላይ ማኅተም ከሚመታው ማሽን አጠገብም እስከ ጡረታቸው አልተለዩም። የሥራ ባልደረቦቻቸው «እማማ ማኅተም» ይሏቸው ነበር።

እናታችን ክቡ ማኅተም ውስጥ ያለውን ከተማና ቀን ብቻ ሳይሆን ቴምብሩን የሚሰርዙትን ሞገድ መሳይ መስመሮችም ያነቡ ነበር። ከመስመሮቹ አንዱ ተቆርጦ ካዩ የየትኛው ከተማ ማሽን እንዳረጀ ያውቃሉ። «ማሽንም እንደ ሰው ነው፤ ሲያረጅ ጥርሱ ይረግፋል» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ1972 ከፖስታ ቤቱ ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው ሴት ልጃቸውን በ1974፣ ይህን የጻፈውን ወንድ ልጃቸውን በ1988 ወለዱ። ባለቤታቸው በ1993 በሞት ቀደሟቸው።

ሴት ልጃቸው በ1995 ከእናታችን ጋር ተጣልታ ከቤት ወጣች። «ሂጂ፣ ማን ያዘሽ» ብለዋት ነበር። በዓመቱ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ መጣ፤ ደኅና ነኝ፣ አትፈልጉኝ ይላል። እናታችን ወረቀቱን አንብበው ሳይጨርሱ ፖስታውን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ማኅተሙ ላይ የከተማው ስም ጎልቶ ይነበባል። እዚያው ሄደው ፎቶግራፏን በየሱቁ እያሳዩ ፈለጓት፤ ያያት ግን አልነበረም። በየጊዜው የተከተሉት ደብዳቤዎችም ያንኑ ማኅተም ይዘው መጡ። እናታችንም የዓመት ፈቃዳቸውን እየወሰዱ ይመላለሱ ጀመር።

በመጨረሻ የዚያ ከተማ ማሽን ሠራተኛ አዘነላቸውና፣ «እማማ፣ የዙሪያው አገር ደብዳቤ ሁሉ ተሰብስቦ እዚህ ነው የሚመታው፤ የት እንደተጻፈ አያሳይም እኮ» አላቸው።

«አጣሁት ብለህ ነው ልጄ? እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌላ የምሄድበት ቢጠፋኝ ነው» አሉት።

ደብዳቤው በ2003 ቆመ። እናታችን በ2010 ጡረታ ከወጡ በኋላም እግራቸው እስኪያብጥ ወደዚያው ከተማ ሄደዋል። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ።

እናታችን አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ትተዋል። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ የእህቴ ነገር ስለማይታወቅ ከዚህ ጽሑፍ ትቅር ብለው ነበር። በሕይወት አለች ብዬ የጻፍኳት እርግጠኛ ሆኜ አይደለም፤ እናታችን በሌላ መንገድ እንድትጻፍ ስለማይፈቅዱ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ዳግም መንገድ በማይጠራቸው ስፍራ ያሳርፍልን።