እናቴን ሳንጠይቃት

ሰኞ
ሐኪሙ እናቴን ውጭ አስቀምጦ እኔንና ወንድሜን ሰይድን ብቻ አስገባን። ከልቧ ደም የሚወጣበት በር ጠቧል። መድኃኒት አያሰፋውም፤ አዲስ አበባ ሄዳ ደረቷ ተከፍቶ መቀየር አለበት። ግን ስኳሩ ሃያ ዓመት አብሯት ኖሯል፤ ኩላሊቷም ደክሟል። ከቀዶ ጥገናው ላትነቃ ትችላለች አለን። ካልተሠራላትስ? ብዬ ጠየቅሁት። ዓመት መድረሷን እጠራጠራለሁ አለ።

ወጥተን መድኃኒት ተጨመረልሽ አልናት። ከደሴ ኮምቦልቻ እስክንወርድ በሚኒባሱ መስኮት ውጭ ውጭውን ስታይ መጣች።

ማክሰኞ
እኔው ቤት አስቀረኋት። ሐርቡ ቤቷ ብቻዋን አልመልሳትም። ሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታንቀላፋው። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏል። ስግደትም ወንበር ላይ ሆኗል፤ ለካ ለሱጁድ ግንባሯን መሬት ማስነካት ካቃታት ሁለት ወር አልፏል። ዛሬ ገና አወቅሁ። ልጅ ተብዬ።

ረቡዕ
ሰይድ ደሴ ፒያሳ ካለው ሱቁ ደወለ። ቢላ አይነካትም፣ በልጆቿ መሀል ትሙት አለና አለቀሰ። እሺ አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፦ ለእሷ አዝኜ አይደለም። እኔ ትከፈት ብዬ ብትሞትብኝስ ብዬ ነው የፈራሁት።

ሐሙስ
ልብስ ሳሰጣ ጠራችኝ። ሐኪሙ ምን እንዳለን ጠየቀችኝ። መዋሸት አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ላትነቃ እንደምትችልም፣ እኛ ይቅር እንዳልንም። ፊቷን አዞረችብኝ።

«እኔ ገና አለሁ እኮ፣ ዘሀራ። የምትጠይቁት ሰው አጣችሁ?»

እርጥቡን ልብስ አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ተጋድሜ መተኛት ናፈቀኝ። ይክፈቱኝ።»

ዓርብ
ሰይድ ከጁምዓ በኋላ መጣ። ይቅርብሽ ብሎ ለመናት፤ እግሯ ላይ ወደቀ። እጁን ይዛ አስነሣችው። «ብሞት አንተ አልገደልከኝም። እሷም አልገደለችኝም። አላህ የጻፈው ነው» አለችው። ከዚያ ሁለታችንንም አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አለችን። እሷ እኛን! አፉ ብለናል ብለን ጉልበቷን ሳምን።

ቅዳሜ
ሐኪሙ ሪፈር ጻፈላት። ወረፋ ተይዞላታል፤ ከአዲስ አበባ ይደውላሉ ተባልን። መቼ? አይታወቅም። ልቧ እስከዚያ ይጠብቅ እንደሆነ ለመጠየቅ ፈራሁ። እሷ ግን አዲስ አበባ ይበርዳል ወይ አለችኝ። ይበርዳል አልኳት። ወፍራሙን ሹራቧን ከሐርቡ እንዲያመጣላት ሰይድን ላከችው።