የአባባ ምላስና የሦስተኛው በር ውሃ

ይድረስ ቀኑን ሙሉ በሰው መኪና ስር ተጋድሞ ለሚውለው መካኒክ ወንድሜ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተወህ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጅህስ ጥርስ አበቀለች? አትሳቅ፤ ካልጠየቁህ የማትናገር ሰው ስለሆንክ አንድ በአንድ መጠየቅ አለብኝ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። አባባ ደህና ናቸው። እማዬም ጉልበቷን እየረገመች ደህና ናት።

«ቦዩ በሲሚንቶ ተሠራ አሉ፤ ሥራዬን ለቅቄ ልምጣ?» ብለህ የጻፍከው ደርሶኛል። ቶሎ ያልመለስኩልህ ንቄህ አይደለም፤ እውነቱን የምጽፍበት አንጀት አጥቼ ነው። አሁን ግን ቁርጡን ልንገርህ፤ አትምጣ።

አዎ፣ ቦዩ ተሠርቷል። የድሮው የአፈር ቦይ ውሃውን እያሰረገ፣ የሰረገው ውሃ ደግሞ የመሬቱን ጨው እያጠበ ወንዙ ውስጥ ይከተው እንደነበር ታውቃለህ። ይኸን ለማስቆም ከመነሻው እስከ ሁለተኛው የውሃ በር ድረስ ሲሚንቶ አልብሰውታል። ብታየው ጫማህን አውልቀህ ልትረግጠው ያምርሃል። ከዚያ በታች ያለው፣ ያ ጨው ያነጣው መሬት፣ ልክ እንደተውከው ነው። ሠራተኞቹ «የቀረው ለሚቀጥለው ዓመት» ብለው ድንኳናቸውን ነቅለው ከሄዱ ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ። የኛ እርሻ ደግሞ የሚጠጣው ከሦስተኛው በር ነው፤ ውሃው ያንን ነጭ መሬት አቋርጦ ጨዉን ሳይሸከም አይደርሰንም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸ ነው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ የኛው ጨው ግን ማንም ሳይለምነው ጣፍጦ ጨረሰን።

ዋናው ጉዴ ገና ነው። አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበሩ ጠባቂ ሆነው፣ በየማለዳው ውሃውን በመዳፋቸው ጨልፈው ቀምሰው «ክፈቱ» ወይም «ዝጉ» ሲሉ አይደል ያደግነው? ዘንድሮ የሽንኩርቱ ችግኝ በተተከለ በሳምንቱ የውሃው ባለሙያ መለኪያውን ነክሮ፣ ጨዉ ከመጠን በላይ ነው፣ ዝናብ እስኪመጣ እንዳትከፍቱ አለን። አባባ ቀመሱና «ጨዉ ለቋል! ማር ነው!» አሉ። ማን መለኪያ ያምናል? ሰው ሁሉ «የሳቸው ምላስ ከብረት ይበልጣል» እያለ ከፈተ። እኔም ከፈትኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን የችግኙ ጫፍ መቃጠል ጀመረ፤ በወሩ መደቡ ላይ የቀረው ነጭ ቅርፊት ብቻ ሆነ። ድካማችንን ሁሉ ውሃ በላው።

ያኔ ነው ጥርጣሬ የገባኝ። አንድ ማንኪያ ጨው በብርጭቆ ውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው። ዓይኔ እያየ ግጥም አድርገው ጠጡና «ተባረኪ ልጄ፣ እንዴት ያለ ጥሩ ውሃ ነው» አሉኝ። ጓዳ ገብቼ አፌን በእጄ አፍኜ አለቀስኩ። ባለሙያውን ብጠይቀው፣ ዕድሜውን ሙሉ ጨው የጠጣ ምላስ ይለምደዋል አለኝ። ይሁንለት። እኔ ግን ሌላም ነገር ያለበት ይመስለኛል፤ አንተ ስትሄድ «ውሃው ሲጣፍጥ እመለሳለሁ» ብለሃቸው ነበርና።

ማንም ደፍሮ አልነገራቸውም። ያ ቱግ ባዩ ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊው፣ ማሳው ሁሉ የወደመበት፣ ሊሳደብ እየተንደረደረ መጣ። አባባን ውሃው በር ላይ ተቀምጠው ሲያያቸው ግን አንጀቱን በሉት መሰለኝ፣ «ዘሩ ነው የበሰበሰው፣ አባቴ» ብሎ ተመለሰ። ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናውን ተሸክሞ ከተማ ገባ። ከእሱ በፊት አራት ቤት ተዘግቷል። እኔም ተስፋዬ ተሟጧል፤ ይኸ መሬት አይድንም። የያዙኝ እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው እንጂ እኔስ አንድ ቀን አላድርም ነበር። ቦዩ እስከታች ይጠናቀቃል የሚልህ ሰው ካለ፣ እሱ ይምጣና ይረሰው።

ባለቤትህን ስለ እኔ እቀፋት፤ አንተን ችላ ስለኖረች ምስጋናዬ ብዙ ነው። ልጅህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ «ወገቡን በወፍራም ጨርቅ ይሰር፣ ብርድ ላይ አይጋደም» ትላለች፤ ይኸን ስታስጽፈኝ ሦስት ጊዜ ደጋግማዋለች።

የአባባ ሰላምታ በጠርሙስ ነው። ዛሬ ማለዳ ከሦስተኛው በር ቀድተው፣ ክዳኑን በላስቲክ አስረው፣ «ቀምሶ ይምጣ» ብለው ይኸን ደብዳቤ ለሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጥተውታል። ቅመሰው። ከዚያ ትፋው፤ አያዩህም። ስትጽፍላቸው ግን፣ በሞቴ፣ «እውነትም ጨዉ ለቋል» በላቸው። የማትመጣበትን ምክንያት ደግሞ ራስህ ፈልግ፤ እኔ ውሸት አልቆብኛል።

ታላቅ እህትህ
ከሦስተኛው የውሃ በር አጠገብ
ኅዳር 14 ቀን