አባባ የሚፈርሙበት ወረቀት

ለውድ ወንድሜ፣ ጤናህ እንደ ጥሩ ቀለም ሳይለቅ ይቆይልን! እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ሱቁም ደህና ነው።

ለቀለም ሱቃችን ኮምፒውተር አስገባሁለት። ድሮ ደንበኛው አንድ ጋሎን ለመውሰድ አራት ጠረጴዛ ይዞር ነበር። የመጨረሻው የአባባ ነበር፤ ያለ እሳቸው ፊርማ ዕቃ ከመጋዘን አይወጣም ነበር። አሁን እኔ ባንኮኒው ላይ የጻፍኩት ትዕዛዝ ወዲያው መጋዘን ያለችው አክስታችን ጋ ይደርሳል። «የምጨቃጨቀው ሰው አሳጣሽኝ» እያለች ብታማርርም፣ ሥራው እጥፍ ድርብ ተቀላጥፏል።

የአባባን ፊርማ ግን አላስቀረሁም። ኮምፒውተሩ ባይፈልገውም፣ እኔ ወረቀቱን እያተምኩ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ። ማክሰኞ አንዱን ወረቀት ሦስት ጊዜ ፈረሙበት፤ እኔም ተቀብዬ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኩት።

ትናንት ደግሞ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና፣ «ወንድምሽን ከመጋዘን ጥሪልኝ፤ ነጩ ቀለም ስንት እንደቀረ ይንገረኝ» አሉኝ።

አንተ ከሄድክ ስምንት ዓመት ሆነህ አይደል?

«ትንሽ ወጣ ብሏል፣ አባባ።»

«እሱ እንደሆነ እግሩ አያርፍም!» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

የመጋዘኑ ቆጠራ የዛሬ ወር ነው። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ስለሚያውቅ የሰው እጅ አያስፈልገንም። አንተ ግን ለቆጠራው ና፤ «ለከርሞ» እንዳትለኝ። ሥራ አልሰጥህም። መጋዘን ውስጥ ቁጭ በል፤ አባባ ሲጠሩህ «አቤት» ትላለህ።

ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

እህትህ