ለአቶ ጉግሳ ለይኩን ያልተነገረው መርዶ

አቶ ጉግሳ ለይኩን ከአባታቸው ከአቶ ለይኩን በላቸው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውብነሽ ኃይሌ በሐረርጌ፣ ሂርና ከተማ፣ ኅዳር 12 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው ሂርና፣ ሁለተኛ ደረጃን አሰበ ተፈሪ ተምረው በመንግሥት የችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ። ይህን የማነበው ታናሽ እህታቸው እታገኘሁ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ1984 በስደት ወደ ሎስ አንጀለስ መጡ። በመጡ በሁለተኛው ወር፣ ከዚህ በስተምሥራቅ አንድ ሰዓት በምታስነዳ ትንሽ ከተማ ዳውንታውን፣ በቤዝቦል ስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ሥራ ጀመሩ። ስታዲየሙ በ1936 የተሠራ፣ አራት ሺህ ሰው የሚይዝ፣ ወንበሩ እንጨት ነበር። የሚጫወቱበት ወደ ትልቁ ሊግ ለማለፍ የሚታገሉ ለጋ ልጆች ናቸው። መብራት የገባለት በ1951 ነው፤ በ1994ቱ የምድር መንቀጥቀጥ የምሥራቁ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ይህን ሁሉ የማውቀው ከእሳቸው ነው፤ የዘር ሐረግ እንደሚቆጥር ሰው ይቆጥሩልን ነበር።

በ1986 ከወይዘሮ ሠናይት ምስጋና ጋር ተጋብተው ዮአብንና ኪያን ወለዱ። በ1987 አለቃቸው ችግኝ ጣቢያ መሥራታቸውን ሰምቶ ወደ ሜዳው ሣር አዛወራቸው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመትም ያንን ሣር አጠጡ፣ አጨዱ። እሑድ እሑድ ነጻ ቲኬት አምጥተው ፌርፋክስ ሰፈር የሚኖረውን ሐበሻ በቫን ይወስዱ ነበር። እኛ ሕጉ ስለማይገባን ያለ ቦታው እናጨበጭባለን። እሳቸው ኳሱን ትተው ሣሩ ላይ ያፈጣሉ፤ "ይሄ ተጫዋች ነው ፍየል? ቆፈረው እኮ!" ይላሉ። በ2019 ጡረታ ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡድኑ ከተማውን ለቆ ሄደና ስታዲየሙ ተዘጋ።

ባለፈው ጥር ልባቸው ታመመ። ሐኪሙ "እንዳይደነግጡ" ብሎ አስጠነቀቀን። በዚያው ወር ከተማው ስታዲየሙ ፈርሶ አፓርትመንት እንዲሠራበት ወሰነ፤ የካቲት ላይ ቡልዶዘር ገባ።

ይደበቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ያደግንበት ነው። ቴሌቪዥኑ ተበላሸ አልን፤ ስልካቸውን ደበቅን። ሚድ ዊልሻየር ካለው አፓርትመንታቸው በር ላይ ቆሜ ጠያቂውን ሁሉ "ስለ ስታዲየሙ ትንፍሽ እንዳትሉ" እል ነበር። አንዷ አልጋው አጠገብ እንባዋ ሲያመልጣት እየገፋሁ አስወጣኋት። ዮአብ ላስ ቬጋስ የሚኖር የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሆዱ ውስጥ ነገር አያድርም። ስለዚህ እንዳይመጣ፣ እንዳይደውልም ከለከልኩት። "አክስቴ፣ አባቴ እኮ ነው" አለኝ። "ልትገድላቸው ነው?" አልኩት።

ሦስት ወር በሰቀቀን ኖርን። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድሜ እሮጣለሁ። "ዮአብስ?" ሲሉን "ሥራ በዝቶበት ነው" እንላለን፣ አቀርቅረን። ቆይተው መጠየቁን ተዉት፤ ምግቡንም ተዉት። ግንቦት ሲገባ ኪያን ጥቁር ኮታቸውን አስወጧት። "መርዶዬን ንገሩኝ፤ እርሜን ሳላወጣ አልሙት" አሉ። ስለ ስታዲየሙ የሰሙ መሰለን።

ግንቦት 3 ቀን፣ እሑድ ንጋት ላይ እንደ ወጉ ተሰበሰብን። ያረዷቸው ሃያ ዓመት አብረዋቸው ሣር ያጨዱት አቶ ሰልማን ናቸው። "ጉግሳ፣ ጠንከር በል፤ ስታዲየሙን አፈረሱት" አሏቸው።

ወንድም ጋሼ "ሌላስ?" አሉ።

"ሌላ የለም።"

"ልጄስ?"

ወይኔ እታገኘሁ! ያኔ ነው የገባን። ሦስት ወር ሙሉ ዮአብ የሞተ መስሏቸው፣ እኛን ላለማስጨነቅ ብቻቸውን ሲያለቅሱ ከርመዋል። ወይዘሮ ሠናይት ትራሳቸውን እርጥብ ሲያገኙት የሕመሙ ላብ ይመስላቸው ነበር። ኪያ ወዲያው ደወለች። "አባዬ" የሚለውን ድምፅ ሲሰሙ ጥቁሩን ኮት ከላያቸው ጣሉት። ዮአብ በአራት ሰዓት ውስጥ ደረሰ፤ ሦስት ቀን እጁን አልለቀቁትም። ስለ ስታዲየሙ አንድም ቃል አልጠየቁም።

አቶ ጉግሳ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ሕመሙ ነው ወይስ የእኛ መደበቅ ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። "ልባቸው ደክሞ ነበር" ብቻ አለኝ። እስካሁን እንቅልፍ የለኝም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሠናይት፣ ልጃቸው ኪያና እኔ እህታቸው ቀርተናል። ልጃቸው ዮአብ ጉግሳም በሕይወት አለ፤ ይኸው ከፊታችሁ ቆሟል። ይህችን መስመር ጮክ ብዬ ያነበብኳት እሳቸውም እንዲሰሙኝ ነው።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። እኔንም ይቅር ይበለኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አመለጡኝ።