አለቃህ ያወጣልህ ስም

ልጄ፣ የወጣህበት ደጅ በሰላም ያስገባህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጣሪያው ተጠግኗል፣ እህትህም ሥራ ይዛለች።

አለቃዬ «ኢፌሚኔት» ይለኛል ብለህ እንደ ቀልድ የጻፍክልኝን ቃል ለጎረቤታችን ለመምህሩ አሳየሁት። መዝገበ ቃላቱን ገልጦ አቀረቀረ።

«ሴታሴት ማለት ነው፤ ወንድን ሲንቁ ነው የሚሉት» አለኝ።

ልብስ ሰፊውን አጎትህንም እንዲህ እያሉ ይስቁበት ነበር። ኋላ ግን ከሥራ ሲመለስ ጠብቀው ጣቶቹን ሰባበሩበት። እኔ እህቱ ደግሞ «ድምፅህን ጎርነን፣ አረማመድህን ጠንከር ብታደርግ ኖሮ» ብዬ እሱኑ ወቀስኩት። ከዚያ ወዲህ መርፌም አልያዘ፣ እኔንም አላናገረኝ።

አንተን እንዲያ አልልህም፤ እንደ ተፈጠርክ ኑርልኝ። ግን ፈርቻለሁና ከሥራ ስትወጣ ብቻህን አትሂድ። አብሮህ የሚሄደውን ሰው ስም ጻፍልኝ፤ እሱንም ልመርቀው።

ክፉ ዓይን አይይህ፣ ክፉ እጅ አይንካህ።

እናትህ