ያልፈላው የትኛው ነው?

ውድ የድሮ ባልደረባዬ፣

«ጋሼ» እያልክ ትጠራው የነበረው ሰውዬ ነኝ። አልሞትኩም። ይህን ስነግርህ ደስ እንደማይልህ ስለማውቅ ነው ያስቀደምኩት።

ሐሙስ ቤተ ሙከራው በስምህ ይሰየማል አሉ። የጥሪ ወረቀቱን ያመጣችልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ ያንተው ተማሪ። «አባባ፣ ያ ፕሮቲን በርሜል መሆኑን መጀመሪያ ያሳዩት እሳቸው ናቸው» ስትለኝ ሻዩ ትን አለኝ።

ያኔ እኔ የፕሮቲን ናሙና አፍልቼ፣ በኤሌክትሪክ ወደ ታች በሚያስሮጠው ጄል ላይ የምጭን ቴክኒሺያን፣ አንተ ደግሞ ካፖርትህ ከእውቀትህ የሚረዝም ጀማሪ ተመራማሪ ነበርክ። አንድ ቀን ግማሹን ናሙና ማፍላት ረሳሁ። ያልፈላው ከፈላው ቀድሞ ጄሉ ግርጌ ደርሶ ተገኘ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ይሄ ሰውዬ ውሃ ማፍላት እንኳ አይችልም» አልክ። ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ደጋገምኩት። ውጤቱ ያው ነው።

እንደ ሞኝ ላንተው አስረዳሁህ። ይህ የባክቴሪያ ፕሮቲን እንደ እንጨት በርሜል ጣውላ ጎን ለጎን የተደረደሩ ጥብጣቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ጎረቤቱን ይይዛል፣ የመጨረሻው ዞሮ የመጀመሪያውን ይጨብጣል። ውጩ ስብ ስለሚወድ ከስብ የተሠራው የባክቴሪያው ሽፋን ውስጥ ተሰክቶ ይቀመጣል፤ በመሃል ቀዳዳው ውሃና ምግብ ይገባል። ናሙናው ላይ የምንጨምረው ሳሙና ብቻውን አይፈታውም። እሳት ካላየ እንደተጠቀለለ ስለሚቆይ ይፈጥናል፤ ሲፈላ ይተረተርና ወደኋላ ይጎተታል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ትልቅ ነገር ነው» አልከኝ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ። በወሩ ያነሳሁት የጄሉ ፎቶ ከመሳቢያዬ ጠፋ። በዓመቱ ግኝቱ ከነፎቶው ባንተ ስም ታተመ። እኔን ቸልተኛ ነው ብለህ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሰደድከኝ፤ ብልቃጥ ሳጥብ ጡረታ ወጣሁ።

ለምን ዝም አልኩ? ፎቶውን አስፍተህ መግቢያው ላይ ስትሰቅለው ከሥሩ የጻፍከውን ስላየሁ ነው። የግራውን መስመር «የፈላ»፣ የቀኙን «ያልፈላ» ብለሃል። አይ አንተ! እኔ ግራኝ ነኝ። ጄል የምጭነው ከቀኝ ጀምሬ፣ የፈላውን አስቀድሜ ነው። ስድስት ዓመት አጠገቤ ቆመህ እጄን አላየህም። ጽሑፍህ ያልፈላው ይፈጥናል ይላል፤ ግድግዳህ ደግሞ የፈላው ይፈጥናል ይላል። ባለፍኩ ቁጥር ባርኔጣዬን አንስቼ እጅ ነስቼዋለሁ። በቀል ሲቆይ እንደሚጣፍጥ ያወቅኩት እዚያ ኮሪደር ላይ ነው።

ትናንት የልጅ ልጄን ሄደሽ ፎቶውን እዪው አልኳት። ተመልሳ «አባባ፣ ግድግዳው ተሳስቷል» አለች። እሷን እንዳትነካት፤ ጠያቂው እኔ ነኝ። የሙከራ ደብተሬም አብሮኝ ይመጣል፤ ቀኑም፣ «ከቀኝ» የሚለው ጽሑፌም አልደበዘዙም። ፎቶውን ላውርደው ካልክ አውርደው፤ ከሥሩ ያለው ያልቆሸሸ የግድግዳ ቀለም «ምን ነበር እዚህ?» ያሰኛል።

ሐሙስ ከፊት ወንበር ነኝ። ንግግርህን ስትጨርስ፣ ያልፈላው የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ አንድ እጅ ይነሳል። የትኛው እጅ እንደሆነ ዘንድሮስ ሳታየው አትቀርም።

ውሃ ማፍላት የማይችለው ሰውዬ