በገመድ የመጣችው መኪና

ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ዛሬ የእህቴን ልጅ የሰናይትን የስፖርት መኪና ከሥር ከፈትኳት። ስድስት ዓመት ሠርታ የገዛቻት ናት። ሞጣ ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮዋ መንሸራተት ጀምሮ፣ ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ ስትል፣ ሰናይት "ጋሼ፣ የሚጭናት ሎቤድ እንጠብቅ" ብላኝ ነበር። እኔ ግን "ሙሽራ ናት እንዴ፣ ተሸክመን የምንወስዳት?" ብዬ ሳቅሁባት። እንደ ልማዴም ከአይሱዙ ኋላ በገመድ አስሬ እስከ ቢቸና ጎተትኳት። ስንቱን መኪና እንዲሁ አምጥቻለሁ!

ለካ የመጀመሪያው ችግር ትንሽ ነበር። ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ ተቀዶ ዘይቱ ጎድሏል፤ ጎሚኒውን ቀይሮ መሙላት ይበቃ ነበር። አሁን ግን የቀረው ዘይት ጠቁሮ ያረረ ይሸታል፤ ከታችኛው ክዳን ላይ የብረት ብናኝ በእፍኜ ዘገንኩ። የዚህ ዓይነቱ ካምቢዮ ሞተሩ ጠፍቶ ሲጎተት ዘይት እንደማይደርሰው የገባኝ ዛሬ ነው። ያለ አስተማሪ መካኒክ ሆንኩ እያልኩ ስንቱ ላይ ስቄያለሁ። ካምቢዮዋን የገደልኩት እኔ ነኝ።

አመሻሹ ላይ ሰናይት ደወለች።

"ሙሽራዋስ እንዴት ናት?" አለችኝ።

"ጫጉላ ቤት ናት" አልኳት፤ አፌ ለምዶበት።

ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቅሁና ልነግራት ስል፣ "እርስዎ እያሉ ምን እሰጋለሁ፣ ጋሼ!" ብላ ስልኩን ዘጋችው።